የእንቁላል የዘረመል ምርመራ
የእንቁላል የዘረመል ምርመራ ከእናት የሚወረስ በሽታን ለመከላከል፣ ከማህፀን ውጭ በሚከናወን ፅንሰት ወቅት የሴቷን እንቁላል ዘረመል በተዘዋዋሪ የሚፈትሽ የሕክምና ዘዴ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. ዘዴውን ካስተዋወቁት ተመራማሪዎች አንዱ የቺካጎው ዩሪ ቨርሊንስኪ ናቸው። እንቁላል ሲበስል ግማሹን ክሮሞዞም ፖላር ቦዲ በተባለች ትንሽ ህዋስ ያስወጣል፤ ይህች ህዋስ ለፅንሱ እድገት ስለማታስፈልግ በቀጭን መርፌ ተወስዳ ትመረመራለች። እናትየዋ አንድ ጤናማና አንድ የተዛባ የዘረመል ቅጂ ካላት፣ በፖላር ቦዲዋ የተዛባው ብቻ ሲገኝ ጤናማው እንቁላሉ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። ክሮሞዞሞች ክፍሎቻቸውን ተለዋውጠው ሁለቱም ቅጂዎች ከተገኙ ግን፣ የዘር ፍሬ ከገባ በኋላ የምትወጣው ሁለተኛዋ ፖላር ቦዲም ትፈተሻለች።

ዘዴው የአባትን ድርሻ ስለማያሳይ ከፅንስ ምርመራ ያነሰ መረጃ ይሰጣል የሚለው ትችት ትክክል ነው። ሆኖም እንደ ሄሞፊሊያ ያለ በሽታ ስጋቱ ከእናት ብቻ ሲመጣ የጎደለው መረጃ ውሳኔውን አይለውጥም። በጀርመን የ1990ው የፅንስ ጥበቃ ሕግ ፅንስ ብሎ የሚቆጥረው የእንቁላሉና የዘር ፍሬው ኒውክሊየሶች ከተዋሃዱ ጀምሮ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የሚደረገው ይህ ምርመራ ለፅንስ ምርመራ አማራጭ ሆኖ አገልግሏል። ስለዚህ የዘዴው ፋይዳ የሚለካው በመረጃው ብዛት ብቻ ሳይሆን በስጋቱ ምንጭና በሕጉ ወሰን ጭምር ነው።