የኮንሶ እርከንና የአስጎብኚው መንገድ

ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ካራት ከተማ ይደርሳል። ከካራት ወዲያ መንገዱ ይከፈላል፤ አንደኛው ወደ ምዕራብ ወይጦን ተሻግሮ ወደ ጂንካ፣ ሌላው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ወደ ያቤሎ ያመራል። ካራት የመንገድ መገናኛ መሆኗ ለንግዱ የጠቀማትን ያህል በጉብኝቱ ረገድ ጎድቷታል ማለት ይቻላል። ምክንያቱም በማኅበር ተደራጅተው በአስጎብኚ እየተመሩ የሚመጡት እንግዶች አብዛኞቹ ልባቸው ያለው በኦሞ ሸለቆ ነው። ኮንሶ ለእነርሱ ውሎ የሚታደርባት፣ ግማሽ ቀን የምትሰጣት፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶባት የምትታለፍ አገር ናት። ሙዚየሙ አንድ ሰዓት፣ መጨቄ ወይም ጋሞሌ ሁለት ሰዓት፣ ገሰርግዮ ግማሽ ሰዓት፤ ከዚያም ምሳ። በዚህ ግማሽ ቀን ውስጥ የሚታየው ምን እንደሆነና ሳይታይ የሚቀረውም ምን እንደሆነ መመርመር የአገሩን ታሪክ ብቻ ሳይሆን የግንባታ ሙያንም የሚመለከት ጉዳይ ነው።

በአገራችን ጉብኝት በመንግሥት ድርጅት ተይዞ መስፋፋት የጀመረው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ለውጭ እንግዳ የተዘጋጀው መስመር ወደ ሰሜን የሚወስደው ነበር፤ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ አክሱም፣ ላሊበላ። ደቡቡ ለአዳኝ፣ ለሚሲዮናዊና ለሕዝቦች ባህል ተመራማሪ የተተወ ያህል ነበር። ስለ ኮንሶ ለዓለም በሰፊው ያወሩትም እነዚሁ ተመራማሪዎች ናቸው። ጀርመናዊው አዶልፍ የንሰን ከፍሮቤኒየስ ተቋም ጓዶቹ ጋር ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ተጉዞ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1936 በመጽሐፍ አወጣ። ከእርሱ በኋላ እንግሊዛዊው ክሪስቶፈር ሃልፓይክ በኮንሶ መካከል ተቀምጦ፣ ቋንቋውንም ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ድረስ የሚጠቀስ ነው። የደርግ ዘመን ሲመጣ የጉብኝት ሥራ በመንግሥት እጅ ብቻ ተወሰነ፤ እንግዳም እንደ ልቡ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ አልነበረም። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ የግል አስጎብኚ ድርጅቶች ሲፈቀዱ የደቡቡ መስመር ተከፈተ። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ፣ የኮንሶ ባህላዊ መልክአ ምድር ይህንኑ ማዕርግ ያገኘው በሰኔ 2003 ዓ.ም. ነው። በሁለቱ መካከል የ33 ዓመት ልዩነት አለ። ከአንድ አለት የተፈለፈለ ቤተ መቅደስ ቅርስ መሆኑን ለመቀበል ዓለም አልተቸገረም፤ ገበሬ በየዓመቱ የሚጠግነው የድንጋይ ካብ ቅርስ መሆኑን ለመረዳት ግን ጊዜ ወስዷል።

አንድ የሚያስተዛዝብ ነገር አለ። ጉዞውን የሚያስተዋውቁት ጽሑፎች ኮንሶን ከሥልጣኔ ርቆ፣ ከዓለም ተነጥሎ የኖረ «ጎሳ» አድርገው ያቀርባሉ። ኮንሶ ግን አንድ ጎሳ አይደለም፤ በውስጡ ዘጠኝ ጎሳዎች ያሉት፣ በቅጥር በተከበቡ ከተሞች የሚኖር፣ በእርሻና በሽመና የታወቀ ሕዝብ ነው። በካራት ሰኞና ሐሙስ የሚቆመውን ገበያ ያየ ሰው ይህ ሕዝብ ከጎረቤቶቹ ጋር ምን ያህል የተሳሰረ እንደሆነ ይገነዘባል። በ1890 ዓ.ም. ገደማ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ማዕከላዊው መንግሥት የተጠቃለለው ያለ ውጊያ አይደለም። ከዚያ ወዲህ የገባርነቱ ሥርዓት፣ በ1940ዎቹ የገባው የወንጌል ሚሲዮን፣ በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ፣ ልማዱን «ጎታች» ያለው የአብዮቱ ቅስቀሳ፣ ሁሉም በየተራ አልፈውበታል። ሳይነካ የቆየ አገር ነው ብሎ ለእንግዳ መንገር ይህን ሁሉ ታሪክ መሰረዝ ነው።

እንግዳው ጓድ ወደ ከተማው ሲወጣ በመጀመሪያ የሚገጥመው ግንብ ነው፤ ግንብ ማለት ግን በኖራ የተያያዘ አይደለም፤ ደረቅ ካብ ነው። ከተሞቹ በኮንሶኛ ፓሌታ ይባላሉ። የተሠሩት በኮረብታ አናት ወይም በከፍተኛ ሜዳ ላይ ሲሆን ዙሪያቸውን ከአንድ እስከ ስድስት ዙር ካብ ያጥራቸዋል። ሕዝቡ በበዛ ቁጥር አዲስ ዙር ከውጭ ስለሚጨመር፣ ከመካከል ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው የከተማውን ዕድገት በእግሩ እየቆጠረ ይሄዳል። ይህ ነገር በአስጎብኚዎች አፍ ብዙ ጊዜ የሚነገረው «ከጠላትና ከአውሬ ለመከላከል» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን ካቡ የከተማ ፕላን መሆኑ፣ መተላለፊያው የት እንደሚጠብና የት እንደሚሰፋ በሕግ የተወሰነ መሆኑ፣ የዝናብ ውኃም መውጫ እንደሚያስፈልገው ሳይነገር ይቀራል።

ወደ ግቢ የሚያስገባው በር ዝቅ ያለ ስለሆነ እንግዳው ጎንበስ ብሎ ይገባል። ይህም በጠላትነት የሚመጣ ሰው በጭንቅላቱ ቀድሞ እንዲገባ ታስቦ የተደረገ ነው ተብሎ ይነገራል፤ እንግዶቹም ይስቃሉ። ከዚያ ቀጥሎ ሞራ የሚባለው የአደባባይ ቦታ ይታያል። በአንዳንዱ ከተማ እስከ 17 ሞራ ድረስ አለ። በሞራው ያለው ባለ ሁለት ደርብ የሣር ቤት ከታች የጨዋታና የሸንጎ ቦታ ሲሆን ከላይ ጎልማሶች የሚያድሩበት ነው። ከተማው እሳት ወይም ጥቃት ቢደርስበት ፈጥነው እንዲነሡ ወጣቶቹ በአንድነት ያድራሉ። በሞራው መካከል ለጋብቻ የደረሰ ወጣት ወደ ላይ አንሥቶ ወደ ኋላው የሚወረውረው ድቡልቡል ድንጋይ አለ፤ በጉብኝቱ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ፎቶግራፍ የሚነሣው ይኸው ድንጋይ ሳይሆን አይቀርም። ከእንግዶቹ መካከል ጉልበቱን የሚተማመን አንዱ ይሞክረዋል፤ ልጆች ያጨበጭባሉ።

ከዚህ ድንጋይ ጥቂት እልፍ ብሎ የቆመው ረጅም እንጨት ግን ብዙ ዐይን አያርፍበትም። በየ18 ዓመቱ ሥልጣን ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ሲተላለፍ አንድ የትውልድ እንጨት በሞራው ይተከላል። የቆሙትን እንጨቶች መቁጠር የከተማውን ዕድሜ መገመት ነው። ዳጋ ሄላ የሚባሉት ሐውልት ድንጋዮችም ከተፈለጡበት ቦታ በወጉ ተጎትተው የሚቆሙት ለትውልድ ምልክት ነው። በዓለም ቅርስ መዝገብ የኮንሶ ባህል 21 ትውልድ፣ ማለትም ከ400 ዓመት በላይ ወደ ኋላ እንደሚሄድ የተመለከተው ከዚህ ዐይነቱ ቆጠራ ጋር የሚስማማ ነው። ጽሑፍ ያልነበረው ሕዝብ ታሪኩን በእንጨትና በድንጋይ ጻፈ፤ ጎብኚው ግን ጽሑፉን ትቶ ክብደት ማንሻውን ፎቶግራፍ ያነሣል።

ከከተሞቹ ቅጥር ውጭ ያለው ሥራ ከውስጡ ይበልጣል። የኮንሶ ኮረብታ ገደላማ፣ አፈሩ ጥቂት፣ ዝናቡ በሁለት ወቅት የሚመጣና እምነት የማይጣልበት ነው። ሲመጣም በአንድ ጊዜ ይወርዳል። እንዲህ ባለ አገር ሰው በብዛት ሊኖር የቻለው በእርከን ብቻ ነው። ካቡ አንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ከፍ ይላል። አሠራሩን ልብ ብሎ ለተመለከተ መሐንዲስ የሚያስደንቀው ቁመቱ አይደለም። ካቡ ያለ ማያያዣ የተሠራ በመሆኑ በእያንዳንዱ ድንጋይ መካከል ውኃ የሚያሾልክ ቀዳዳ አለው። ስለዚህ ከካቡ ኋላ ያለው አፈር በውኃ ሲጠግብ ግድግዳውን የሚገፋው የውኃ ግፊት አይከማችም፤ ውኃው ዝግ ብሎ ወደ ታችኛው እርከን ያልፋል። በሲሚንቶ የተሠራ የድጋፍ ግንብ ቢሆን ይህንኑ ጥቅም ለማግኘት በየመካከሉ የውኃ ማስወጫ ቧንቧ መቅበርና ከኋላው ጠጠር መሙላት ግድ ይሆናል። በእርከኑ ወለል ላይም ገበሬው አፈሩን እያቆለለ ትንንሽ ገንዳዎች ይሠራል፤ የዘነበው ውኃ እዚያው ተኝቶ ይሰርጋል፤ የተረፈው ደግሞ በተዘጋጀለት መውረጃ ይሸኛል። ማሽላው፣ በቆሎው፣ ጥጡና ሽፈራው ተቀላቅለው የሚበቅሉት በዚህ ወለል ላይ ነው። ከብቱ በቤት ታስሮ ይቀለባል፤ ፍጉ ተጠርቶ በሰው ጀርባ ወደ እርሻ ይሄዳል። ሃርዳ የሚባሉት ኩሬዎችም በማኅበር ተቆፍረው በማኅበር የሚጠረጉ ናቸው።

ደረቅ ካብ አንድ ጠባይ አለው፤ ተሠርቶ አያልቅም። ከባድ ዝናብ በመጣ ቁጥር አንድ ቦታ ሆዱን ይነፋል፣ ሌላ ቦታ ይናዳል። የተናደው ሳይጠገን ሁለተኛ ዝናብ ከደረሰበት ጎርፉ በዚያች ክፍት ቦታ ተሰብስቦ ከበታቿ ያሉትን እርከኖች በሙሉ ይዞ ይወርዳል። ስለሆነም የአንድ ገበሬ ስንፍና የራሱ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ከበታቹ ያሉት ሁሉ ባለ ጉዳዮች ናቸው። የኮንሶ የጋራ ሥራ ልማድ፣ ባለ ማሳው ምግብና ጨቃ አዘጋጅቶ ጎረቤቶቹን የሚጠራበት ደቦ፣ ከዚህ የግንባታ ጠባይ ተለይቶ ሊታይ አይገባውም።

የዚህን ተቃራኒ አገራችን በሌላ ቦታ አይታለች። ከ1966 ዓ.ም. ረኃብ በኋላ በወሎና በሌሎችም ክፍላተ ሀገር በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር ብዙ ሺሕ ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ። ሥራው የተለካው በርዝመት፣ ደመወዙ የተከፈለው በእህል፣ ትእዛዙ የመጣው ከላይ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ ገበሬው ራሱ እርከኑን አፈረሰው፤ ካቡ መሬት ያጣብብበታል፤ አይጥም ይራባበታል፤ የእኔ ነውም አላለውም። የተጠቀሙበት ድንጋይ ከኮንሶው የተለየ ሆኖ አይደለም።

ወደ ጉብኝቱ እንመለስ። ከመርሐ ግብሩ ሁሉ እንግዶች የሚወዱት ገሰርግዮን ነው። አስጎብኚዎች «ኒውዮርክ» የሚል ቅጽል ሰጥተውታል፤ በጎርፍ የተቦረቦረው አፈር እንደ ፎቅ ቤት ቀጥ ቀጥ ብሎ ቆሟልና። የአገሩ ሰው የተሰረቀና የተቀበረ ከበሮ ለማውጣት ፈጣሪ የቆፈረው ነው የሚል አፈ ታሪክ አለው። አፈ ታሪኩ ውብ ነው፤ ትዕይንቱም ውብ ነው። ነገር ግን ገሰርግዮ ምንድን ነው ቢባል የአፈር መሸርሸር ነው። ኮንሶዎች 400 ዓመት ሙሉ ድንጋይ እየካቡ ሲሸሹት የኖሩት ነገር ይኸው ነው። እንግዳው ወደዚያ ሲሄድ በመኪናው መስኮት በግራና በቀኝ የሚያልፋቸው እርከኖች አፈሩ እንደ ገሰርግዮ እንዳይሆን የያዙት ናቸው። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ «ይህ ባይሠራ ያ ይሆን ነበር» ብሎ የሚያስረዳ አስጎብኚ ቢኖር ከሁሉም የበለጠ ትምህርት በሰጠ ነበር። ለዚህ ተጨማሪ ሰዓት እንኳ አያስፈልገውም፤ መኪናውን ለአምስት ደቂቃ ማቆም ይበቃዋል።

ስለ ዋካዎቹ ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። ዋካ ከጠንካራ እንጨት ተጠርቦ በጀግና ወይም በተከበረ ሰው መቃብር ላይ የሚቆም ምስል ነው። ሟቹ በመካከል፣ ሚስቶቹ በጎንና በጎኑ፣ የገደላቸው ጠላቶችና አራዊት ደግሞ ከዚያ ቀጥለው ይቆማሉ። ልማዱ ሊጠፋ የተቃረበ ነው። አንደኛው ምክንያት የእምነት መለወጥ ሲሆን ሁለተኛው ጉብኝቱ ራሱ ያመጣው ነው፤ ምስሎቹ በውጭ አገር ገበያ ዋጋ እንዳላቸው ከታወቀ በኋላ ከመቃብር እየተነቀሉ ተሰረቁ፣ ተሸጡም። ከስርቆት የተረፉትና የተመለሱት ዛሬ በካራት ሙዚየም ተሰብስበው ይታያሉ። በሙዚየሙ መጠበቃቸው መልካም ነው፤ ሆኖም ማን ከማን ጎን እንደ ቆመ ማወቅ የሚቻለው በመቃብሩ ላይ ሳሉ ብቻ ነበር።

ሌላም ሳይነገር የሚቀር ነገር አለ። እንግዳው የሚገዛውን ጋቢ የሠራው ሸማኔ፣ የሸክላውን ድስት የሠራችው ሴት፣ የገበሬውን መቆፈሪያ የቀጠቀጠው አንጥረኛ ሐውዳ ከሚባለው ወገን ናቸው። ገበሬው ከእነዚህ ጋር አይጋባም ነበር፤ መሬት በመያዝም እኩል አልነበሩም። ይህ ልዩነት እየላላ ቢመጣም ጨርሶ አልጠፋም። የአንድነትንና የደቦን ምስጋና ለእንግዳ የሚያሰማ ሁሉ ይህንንም ጨምሮ ቢናገር ታሪኩ አይረክስም፤ እንዲያውም ይታመናል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ እንግዳው በካራት ተመዝግቦ የመግቢያ ይከፍላል፤ የአገሩን ተወላጅ አስጎብኚ ይይዛል፤ በከተማው ውስጥ ደግሞ ፎቶግራፍ ለተነሡት ሰዎች ይሰጣል። የአገሩ ወጣት በአስጎብኚነት እንጀራ ማግኘቱ በጎ ነገር ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ስለ መጨቄ እንዲናገር ከማድረግ፣ ቋንቋውን የሚያውቅና ሽማግሌዎቹ የሚያውቁት ልጅ ቢናገር ይሻላል። የፎቶግራፉ ክፍያ ግን የሚሰጠው ለፊት ነው። ጌጥ ያጌጠች ልጃገረድ ትከፈላለች፤ ማለዳ ተነሥቶ የተናደ ካብ ሲጠግን የዋለው አባቷ አይከፈልም፤ ሥራው ከመንገዱ ርቆ ነውና። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት እንግዳ ሲቋረጥ፣ ቀጥሎም በአገሪቱ ጦርነት ሲነሣ፣ በጉብኝት ላይ ብቻ የተመሠረተ ገቢ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚነጥፍ ታይቷል። እርከኑ ግን በእነዚያም ዓመታት ዝናብ ወርዶበታል፤ ተንዷል፤ የቻለ ጠግኖታል።

በየከተማው ያሉ ወጣቶች ለትምህርትና ለሥራ ወደ ካራት፣ ወደ አርባ ምንጭ፣ ከዚያም አልፎ ሲሄዱ ለደቦው የሚጠራው ሰው ቁጥር ይቀንሳል። አንድ 5 ሜትር ካብ ሲናድ በሁለት ሽማግሌ አይነሣም። ድንጋዩ መለየት አለበት፤ ትልቁ ከሥር ወደ ውስጥ ዘንበል ተደርጎ ይቀመጣል፤ ትንሹ ክፍተቱን ይሞላል፤ አፈሩም በየደረጃው እየተመለሰ ይጠቀጠቃል። ሁለተኛው ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ማለቅ አለበት። ከመጨቄ ወደ ካራት የሚመለሱት መኪናዎች ይህ ሥራ የሚሠራበትን ቁልቁለት ከወዲያኛው ሸንተረር ሆነው ያልፉታል፤ በመስኮቱ የሚታየውም ከሩቅ እንደ ጉንዳን የተሰለፈ ሰውና ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ድንጋይ ነው።