የሁምቦ ጉቶዎች

ከሆሳዕና በዶዮገናና በአረካ አድርገን ሶዶን ስናልፍ ሁምቦ ይመጣል። በደርግ ዘመን እርከን የሚሠራው ለስንዴና ለዘይት ነበር፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ በብዙ ቦታ ዛፉም አብሮ ወደቀ። ማን የእኔ ብሎ ይጠብቀው? ወርልድ ቪዥን «ተራራውን እንከልል» ሲል የሁምቦ ገበሬ «መሬቴን ሊወስዱብኝ ነው» ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም (እኛስ ብንሆን?)። ነገሩን የለወጠው፣ ገበሬዎቹ ራሳቸው የሚመሯቸው ሰባት ማኅበራት የመጠቀም መብቱን በስማቸው መያዛቸው ነው።

ችግኝ ፍለጋ ሩቅ አልተሄደም፤ የተቆረጡት ዛፎች ሥራቸው በሕይወት ነበር። ከብቱን አስወጥተው ከጉቶው ያቆጠቆጠውን እየመረጡ ገረዙት። በ2002 ዓ.ም. 2,728 ሄክታሩ በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን መዝገብ ገባ፤ የዓለም ባንክም 165,000 ቶን ሊገዛ ተዋዋለ። ገበሬው እጅ ቀድሞ የገባው ግን ሣሩ ነበር፤ አጭዶ፣ ተሸክሞ ለከብቱ።