ሸክላና ሚሞሪ ካርድ፦ ስለ ድምፅ ጥራትና ስለ ታሪክ ማስረጃ



ከሊማሊሞ ቁልቁለት ማዶ ባለችው አዲ አርቃይ ባደግሁበት ዘመን፣ አጎቴ በሻይ ቤቱ ውስጥ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የሸክላ ማጫወቻ ነበረው። ሸክላዎቹ ከጎንደር በጭነት መኪና ሊማሊሞን ወርደው ይመጡ ነበር። ሙቀቱ እንዳያጎብጣቸው በእንጨት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣሉ፤ አቧራ ገብቶ መርፌው ሲዘል ደግሞ ደንበኛው ሁሉ ይስቃል። ባለፈው ክረምት የወንድሜ ልጅ፣ ከዚያው ሣጥን የማውቀውን አንድ ዘፈን በስልኩ አሰማኝ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው። «የማን ነው?» ብዬ ብጠይቀው ስልኩን አየና «ትራክ 7 ነው የሚለው፣ ጋሼ» አለኝ። የዛሬው ንግግሬ የሚነሣው ከዚህ መልስ ነው።

በቅድሚያ ስለ ድምፅ። ሸክላ በድምፅ ጥራት ከሲዲ ይልቃል የሚለውን አባባል እኔ አልቀበለውም። ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ ይመዘግባል፤ በለሆሳሱና በጉልሁ ድምፅ መካከል የሚይዘው ርቀት 96 ዴሲቤል ያህል ሲሆን፣ ሸክላ ግን ከ70 ብዙም አያልፍም። ሸክላ በተጫወተ ቁጥር በመርፌው ይፋቃል፤ ዲጂታል ቅጂ ሺህ ጊዜ ቢደመጥም አይለወጥም። ነገር ግን በየስልካችን የሚዞረው አብዛኛውን ጊዜ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል የተጨመቀና የድምፁ ከፊል የተጣለለት ኤምፒስሪ ነው። ጭመቃው ሲበዛ የማሲንቆው ፍትጊያና የጭብጨባው ስለት ይደበዝዛሉ። ስለዚህ በጥንቃቄ የተቀዳ ዲጂታል ሸክላን ይበልጣል፤ በግዴለሽነት የተጨመቀው ግን ደህና ከተያዘ ሸክላ ያንሳል።

ወደ ታሪኩ እንለፍ። ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር በነበረበት ዘመን፣ አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ደፍሮ አምኃ ሪከርድስን አቋቋመ። በአገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች በህንድ አሳትሞ አስመጣ። እስከ 1975 ድረስም ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አወጣ። በሸክላዎቹ ወረቀት ላይ የዘፋኙ ስምና የሸክላው ቁጥር ታትሟል፤ ለታሪክ ተመራማሪ ይህች ክብ ወረቀት ሰነድ ናት።

ለጎንደር ቅርብ የሆነውን ምሳሌም ልጥቀስ። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጎንደር ላይ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ መጠለያ አጥተው በደጅ የሚያድሩ የቆሎ ተማሪዎችን አዩ። በ1967 በጀርመን የታተመው የመጀመሪያው የፒያኖ ሸክላቸው ገቢ ለችግረኛ ልጆች መርጃ የታሰበ ነበር። በ2006 ሥራቸው በኢትዮፒክስ ተከታታይ 21ኛ ሲዲ ሆኖ ሲወጣ፣ ሸክላው ባልደረሰበት ዓለም ሁሉ ተሰማ። ይህን የዲጂታል ውለታ መካድ ግፍ ነው። ሆኖም ያው ፒያኖ ያለ ስም ከሚሞሪ ካርድ ወደ ሚሞሪ ካርድ ሲገለበጥ፣ ማን እንደተጫወተውና ለማን ተብሎ እንደታተመ የሚናገር ምንም ነገር አብሮ አይሄድም። ከቅጂው የሚገኝ ገቢም የለም።

የአጎቴን ሣጥን በዚያው ክረምት ከፈትሁት። ዘፈኑ የታተመበት ሸክላ ተቧጭሯል፤ ዳሩም ጎብጧል። ወረቀቱ ላይ ግን የዘፋኙና የባንዱ ስም እስከነቁጥሩ ይነበባል። በጠርዙ ላይ አጎቴ የገዛበትን ቀን በእርሳስ ጽፏል። ለወንድሜ ልጅ አሳየሁትና በስልኩ «ትራክ 7» የሚለውን አጥፍቶ ስሙን ጻፈበት።

ውድ ተማሪዎች፤ ለጥናት በየመንደሩ ስትሄዱ ድምፁን ሳትጨምቁ ቅዱ። የወረቀቱን ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሡ፤ ሸክላው ከየት፣ መቼና በማን እጅ እንደመጣ ባለቤቱን ጠይቃችሁ ጻፉ። ቅጂውን ለባለቤቱ ስጡት፤ ሸክላውንም ከቤቱ አታውጡበት።