ቡናው ሳይፈላ የሚሰጥ ፍርድ

አውሮፕላን ወደቀ ሲባል ጎንደር ፒያሳ ላይ ፍርድ የሚሰጠው ቡናው ሳይፈላ ነው። አንዱ «ፓይለቱ ነው» ይላል፤ ሌላው «ዕቃው አሮጌ ነው»፤ ሦስተኛው «ጭጋግ ነው»። ፓይለቶችም ሲገናኙ ይገምታሉ፤ ግን ከመፍረዳቸው በፊት ከፍታውን፣ ክብደቱን፣ ነፋሱን ይጠይቃሉ። እኛ መጠየቁን ዘለን ፍርዱን ወደድን።

እስቲ ጎረቤታችን ባሕር ዳር የሆነውን እናስታውስ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን 104 ሰዎች ይዞ ወደ አሥመራ ሊበር ተነሣ። ከመሬት ሲለቅ የእርግብ መንጋ ገጠመው፤ እርግቦቹም ሁለቱ ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አብራሪዎቹ ሊመለሱ ዞሩ፤ ግን ሁለቱም ሞተሮች ኃይል አጡ። አውሮፕላኑ ጎማ ሳይዘረጋ በሆዱ አረፈ፤ በእሳትም ተያያዘ። 35 ሰዎች ሞቱ፤ 69 ተረፉ።

ጊዜው በሰሜን ጦርነት የሚነድበት ነበር። ያኔ «ተመትቶ ነው» ብሎ መደምደም እንዴት ይቀል እንደነበር አስቡት! መልሱ ግን ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ወፍ ነበር።

ከፍታውንም አንርሳ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአዘዞው አየር ማረፊያችን ደግሞ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። አየሩ ሲሳሳ የሞተር ጉልበት ይቀንሳል፤ ለመነሣትም የበለጠ ፍጥነትና ረዘም ያለ ማኮብኮቢያ ያስፈልጋል። በሰሜን በኩል ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነው ራስ ዳሽን አለ። ደጋ ላይ ለስህተት የሚተርፍ ቦታ ጠባብ ነው።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎች ሲያልቁ ችኮላው ከውጭም መጣ። ባሕር ማዶ ያሉ አንዳንድ አብራሪዎችና ፖለቲከኞች ጣታቸውን በኢትዮጵያውያኑ ፓይለቶች ላይ ቀሰሩ። ምርመራው ግን በተሳሳተ የሴንሰር መረጃ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚገፋ ሶፍትዌር አገኘ። ሴንሰሩንስ ምን አበላሸው? የእኛ መርማሪዎች የኤሌክትሪክ ችግር ነው ሲሉ፣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች ወፍ ሳይመታው አልቀረም አሉ። ዞሮ ዞሮ ወፍ!

ባለሙያ እንኳ በዚህ ሁሉ መረጃ አልተስማማም። እኛስ በአንድ ስኒ ቡና ምን አጣደፈን? የሞተ ፓይለት ተነሥቶ ራሱን አይከላከልም። ቀጣዩ ተሳፋሪ የሚድነውም ጥፋተኛ ስለተገኘ ሳይሆን ምክንያቱ ስለታወቀ ነው።