የራስ ኃይሉ ጉዞና የጎጃም ቆዳ



በሚያዝያ 1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ ግብፅና ወደ አውሮፓ ሲጓዙ የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት አብረዋቸው ነበሩ። ጉዞውን አዘውትረን የምንመረምረው በዲፕሎማሲ ዓይን ነው፤ እኔ ዛሬ ከገበያ በኩል ላየው እወዳለሁ።

በፎቶግራፎቹ መኳንንቱ ካባ ደርበው፣ ከላይ ሰፊ የአውሮፓ ባርኔጣ ደፍተው ይታያሉ። የአገር ልብስ አልተጣለም፤ የውጭው ዕቃ በራስና በእግር በኩል ገባ። ጫማውን ልብ በሉልኝ። በዚያ ዘመን ከቡና ቀጥሎ ወደ ውጭ የምንልከው ዋናው ሸቀጥ ቆዳ ነበር። ጥሬው በጅቡቲው ባቡር ይወጣል፤ መኳንንቱ የሚገዙት ግን በባዕድ እጅ የተሠራውን ነው።

ሙያ አልነበረም እንዳይባል፣ ይህች ደብረ ወርቅ ራሷ ምስክር ናት። የማርያም ገዳም መጻሕፍት ብራናቸውም ማኅደራቸውም ቆዳ ነው። ነገሩ የክብር ነው። የፍየል ቆዳ ፍቆ ብራና የሚያወጣው ደብተራ ይከበራል፤ የበሬ ቆዳ የሚያለፋው ግን «ፋቂ» ተብሎ ይሰደባል፣ ገበሬውም ልጁን አይድርለትም። (ሁለቱም የሚፍቁት ቆዳ መሆኑን ያስተዋለ ብዙ አይመስለኝም።) ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ራስ ኃይሉ የአውሮፓን ከተሞች ሲጎበኙ አዋጁ 16 ዓመት ሆኖታል፤ በግዛታቸው ግን ስድቡ እንደ ነበረ ነበር፣ ጥሬው ቆዳም መውጣቱን አላቆመም።