ኢጂአር፦ ተመላሹ ጭስ

«ኢጂአር» ከሞተር ከወጣው ጭስ ጥቂቱን በቫልቭ በኩል መልሶ ከአየሩ ጋር የሚያስገባ ዘዴ ነው። የተቃጠለ ጭስ ዳግም ስለማይነድ የቃጠሎውን ሙቀት ያበርዳል፤ መርዛማው ናይትሮጅን ኦክሳይድም ይቀንሳል።

በምርመራ «ፒ0401» የሚል ኮድ ሲመጣ ትርጉሙ «ተመላሹ ጭስ አነሰ» ነው እንጂ «ቫልቩ ተበላሸ» አይደለም። ልዩነቱ ኪስ ይነካል። ለመለየት፣ ቫልቩ በቫኪዩም የሚሠራ ከሆነ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ በእጅ ፓምፕ ስቦ መክፈት ነው። ሞተሩ ከተንገጫገጨ ወይም ከጠፋ የጭሱ መንገድ በአብዛኛው ክፍት ነው፤ ጥፋቱ በቫኪዩም ጎማው፣ በሶሌኖይዱ ወይም በሴንሰሩ ይፈለግ። ቫልቩ ተከፍቶም ሞተሩ ድምፁን ካልቀየረ ግን መተላለፊያውን ጥላሸት ደፍኖታል። ያኔ መድኃኒቱ አዲስ ቫልቭ መግዛት ሳይሆን ፍቆ ማጽዳት ነው።