የጉበት ቀብር

በትንቢተ ሕዝቅኤል የባቢሎን ንጉሥ በመንታ መንገድ ላይ ቆሞ ጉበት እንደ ተመለከተ የሚያነብ ሰው፣ ይህ ክፍለ አካል ከሐኪም ቢላዋ አስቀድሞ በሟርተኛ እጅ መገላበጡን ይረዳል፤ የዚያች አገር ጠቢባን በሸክላ የሠሩት የበግ ጉበት ምስል፣ ትርጓሜው በየክፍሉ ተቀርጾበት፣ ዛሬም በለንደን በብሪታንያ ሙዚየም ይገኛል።

የጥንቱ ሐኪም ጋሌን ግን ዝንጀሮንና እሪያን እየሰነጠቀ፣ በጨጓራ የላመው ምግብ በጉበት ውስጥ ደም ይሆናል ብሎ ስላስተማረ፣ ቃሉ ከ1400 ዓመት በላይ እንደ ቀኖና ጸና። በ1653 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የኮፐንሃገኑ ሊቅ ቶማስ ባርቶሊን፣ ከአንጀት የሚወጣው ወተት መሰል ፈሳሽ ጉበትን ሳይነካ በደረት በኩል አልፎ ከደም ጋር እንደሚቀላቀል በተረዳ ጊዜ፣ ጉበትን ከደም ሠሪነት ሹመቱ ሽሮ፣ እንደ ሞተ ሰው የመቃብር ጽሑፍ ጻፈለት። (ሊቃውንትም መቀለድ ያምራቸዋል።)

ዳሩ ግን ቀብሩ ፈጠነ፤ በማግሥቱ ዓመት እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ግሊሰን፣ የተቀቀለ ጉበት ይዞ ሥጋውን ከደም ሥሮቹ ላይ በዝግታ እየፋቀ፣ ደም ሥሩና የሐሞቱ ቧንቧ በአንድ ልባስ ተጠቅልለው ወደ ውስጥ እንደሚዘልቁ አሳየ፤ ልባሱም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ጋሌንም ቢሆን ፈጽሞ አልተረታም፦ በማኅፀን ያለ ጽንስ፣ ከወራቱ በአብዛኛው፣ ደሙን የሚሠራው በጉበቱ ነው።